ብርቱካንማው ፊኛ

ላዝሃር ከባሕር ያልተመለሰ ዕለት፣ የወደብ ከተማዋ የታባርካ ሰው ጥፋተኛውን ለማግኘት እስኪመሽ አልጠበቀም። ጀልባው አንድ ሰው ብቻ ይዞ ወደብ ገባ። ያ ሰው ሙንጂ ነበር።

ላዝሃር ጠላቂ ነበር። ለሴቶች አንገት ጌጥ የሚሆነውን ቀይ መርጃን ከባሕር ውስጥ ገደል እየነቀለ ያወጣ ነበር። ጀልባውን የሚነዳለት ሙንጂ ነው። የመርጃን ጠላቂ የሚሠራበትን ቦታ ለወንድሙም አይናገርም። ስለዚህ ጀልባ ነጂው ጠላቂውን አውርዶ ከቋጥኝ ጀርባ ይሸሸጋል፤ ቆሞ የሚያየው ሁሉ ቦታውን ያውቃልና። የተባባሉት ሰዓት ሲደርስ ይመለሳል። ጠላቂው ወደ ላይ ሲወጣ ከወገቡ የታሰረውን ብርቱካንማ ፊኛ በአየር ይሞላል፤ ፊኛው ከማዕበሉ በላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጀልባው ወደዚያ ይሄዳል። ሌላ ምልክት የለም።

ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት ሁለቱ ሻይ ቤት ውስጥ ተጣልተው ነበር። የሌላው ወደብ የቢዘርት ጠላቂዎች የላዝሃርን ቦታ አግኝተው ገደሉን ልጠውታል። ላዝሃር ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ቦታዬን የሸጥከው አንተ ነህ አለው።

«እኔን ምን አደከመኝ?» አለ ሙንጂ። «ያንተ ፊኛ መች ዝም ይላል? እንደ ሰርግ ድንኳን ከማዶ እየታየ።»

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ላዝሃር አልሳቀም። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ከሙንጂ ጋር ለሥራ ካልሆነ አላወራም። ማዕበል ስለነበር ቤቱ ዋለ። ሚስቱ ሳልሓ ስትጨቀጭቀው የኖረችውን የበር ቀለም፣ እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ሰማያዊውን፣ ገዝቶ መጣ። ግማሹን ቀብቶ ቀለሙ አለቀ አላት። ለሁለት በር ይበቃል ብለህ አልነበር ወይ አለችው። ሌላ እገዛለሁ አለ፤ እጁን በጋዝ እያጠበ። ማዕበሉ ሲበርድ ወደ ባሕር ወረደ። በሩ እንደዚያው ቀረ።

ሙንጂ ተከሶ የቀረበ ዕለት ፍርድ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሙንጂ ጠበቃ ተመድቦለት ነበር፤ ጠበቃው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ያይ ነበር። መጀመሪያ አንድ አንጋፋ ጠላቂ ለምስክርነት ተጠራ። ሰው በጥልቅ ውሃ በብዙ ነገር ይሞታል አለ፤ አየር ያልቅበታል፣ ቸኩሎ ሲወጣ ደሙ በአየር አረፋ ይሞላል፣ ጥልቀቱ ራሱ እንደ መጠጥ አስክሮ መውጫውን ያስረሳዋል። ለዚህ ነው ፊኛ፣ ፊሽካና ቢላ ሳይዝ ማንም የማይወርደው። ላዝሃር ግን እታች አልሞተም። ሬሳው ባይገኝም፣ ሙንጂ ራሱ ፈላጊዎቹን መርቶ ባደረሰበት ቦታ፣ የእርሳስ ክብደት የተሰካበት ቀበቶው የባሕሩ ወለል ላይ ተፈትቶ ተገኝቷል። ቀበቶውን የፈታ ሰው ወደ ላይ እየተንሳፈፈ ነው።

«በሕይወት ወጥቷል» አለ ጠላቂው። «የጎደለው ላይ የሚጠብቀው ሰው ነው።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነስቶ ሌላ ነገር ጨመረ። ተከሳሹ ፈላጊዎቹን ሳይሳሳት ሚስጥራዊው ቦታ ላይ አድርሷቸዋል፤ አንዴ የሸጠውን ቦታ እንዴት ይሳሳተዋል? አዳራሹ አጉረመረመ። ባያደርሳቸው ኖሮም ደበቀ ተብሎ ያጉረመርም ነበር።

ሳልሓ ቀረበች። ፊኛውን ረስቶት እንደሆነ ተጠየቀች። አልረሳም አለች። ሁልጊዜ ስለሚጥለው ፊሽካውን አምና በቀይ የሱፍ ክር ከፊኛው ጋር አስራለት ነበር፤ የዚያን ዕለት ጠዋት ቀዩ ክር ከመጥለቂያ ዕቃ ከረጢቱ አፍ ወጥቶ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወደ ሙንጂ ዞረች።

«በሩን እንኳ ሳይጨርስ፣ አንተ ሙንጂ» አለችው።

ሙንጂ አንገቱን ደፋ። ተራው ሲደርስ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። በሰዓቱ ተመልሷል። ያን ቀን ውሃው ወደ ምሥራቅ በኃይል ይጎትት ነበርና ላዝሃር ርቆ ሊወጣ እንደሚችል ገምቶ፣ ውሃውን ተከትሎ ፈልጓል።

«አንድ ጊዜ ፊሽካ የሰማሁ መሰለኝ። ሞተር አጠፋሁ። ጀልባው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዙሪያውን አየሁ። ብርቱካንማ ነገር የለም። ከባሕሩ በቀር ምንም የለም።»

«ፊሽካ ሰምተህ ጥለኸው ሄድክ?» አለ ዳኛው።

«ፈለግኩት እንጂ ክቡር ዳኛ። እስኪጨልም ፈለግኩት።»

«ፊኛው ቁመቱ ሰው ያህላል። ዓይንህ ያያል?»

«ደህና አድርጎ ያያል።»

ጸሐፊው ይህችን መልስ በጥንቃቄ ጻፋት። ዓይኔ ደክሟል ቢል ኖሮ ምናልባት ይቀልለት ነበር። ግን መዋሸት አልለመደም፤ ፍርድ ቤትም ያላየውን አላየሁም ለሚል ሰው የሚሆን አንቀጽ አልነበረውም። ባልደረባውን በባሕር ላይ ጥሎ ለሞት ዳርጓል ተብሎ ረጅም እስራት ተፈረደበት። በማግስቱ ጀልባውን ሰዎች አቃጠሉት፤ ማን እንዳቃጠለው ለማጣራት የደከመ የለም።

ሙንጂ እስር ቤት ውስጥ ሳንባው ታመመ። ይግባኝ ጽፎ ነበር፤ መልሱ ከሞተ በኋላ ደረሰ፤ ውድቅ ተደርጓል ይላል። ሬሳውን ታባርካ ውስጥ ለመቅበር የሞከሩ ዘመዶቹ ቀብር የሚሸኝ ሰው አላገኙም።

ሳልሓ በሩን አልነካችውም። ሌላ ሰው ቀብቶ ሊጨርስላት ሲመጣ መለሰችው። የባሌ እጅ ያረፈበት ነው ትል ነበር።

በተከታዩ የጸደይ ማዕበል ማግስት የባሕር ጠባቂዎች ጠሯት። በስተምሥራቅ ካለች ደሴት ዐለቶች ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ያገኙትን ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። የጠላቂ ፊኛ ነው። ግማሹ አየር አሁንም አልወጣም። የገመዱ ጫፍ በአንድ የእጅ ጓንት ላይ ደጋግሞ ተጠምጥሟል።

«የባለቤትዎ ነው?» አላት መኮንኑ።

ፊሽካውን አነሳች። ቀዩ ክር ደብዝዟል፤ ቋጠሮው ግን የራሷ ነው።

ፊኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በግማሽ በሯ ላይ ባለው ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ነበር።