ያልተጠየቀው ይፋቅ

የእንግሊዝኛው መምህር ቀጸላና ባልደረቦቻቸው፣ «እኛ የምናስተምረው ሐሳብን በራስ ቃል መግለጽ ነው፤ ፈተናው ግን ምርጫ ብቻ ነው፤ አይገናኙም» ብለው አቤት አሉ። ሹማምንቱ ፈተናውን አልነኩም። በፈተና ያልተጠየቀ ትምህርት ሁሉ ከተማሪው አእምሮ እንዲፋቅ ደነገጉ እንጂ።

የፈተናው ዕለት ራት ቀረበ። ከማዕድ በፊት ለሟች እናቷ በራሷ ቃል የምትጸልየው ምንጊዜም የመምህሩ ልጅ ትርሲት ነበረች።

«በይ ልጄ፣ እንደ ወትሮሽ።»

«ምርጫዎቹን ይንገሩኝ እንጂ፣ አባባ።»

ቀልድ መስሏቸው ፈገግ አሉ። እርሷ ግን ትጠብቃለች።

«ሀ» አሉ መምህሩ በመጨረሻ፣ «ነፍሷን ይማርልን። ለ፣ ከቅዱሳን ጋር ያሳርፍልን።»

«ለ» አለች ትርሲት ፈጠን ብላ፤ ዓይን ዓይናቸውንም እያየች፣ «አገኘሁት?»