ለቆላ የተስተካከለ ሞተር

መካኒኩ የልጁን ሞተር ሳይክል ካርቡራተር አውርዶ የታችኛውን ጎድጓዳ ክዳን ሲፈታው እጁ ቀጥ አለ። መሃል ላይ ያለችው ጂግለር፣ ያቺ ቤንዚን መጥና የምታሳልፈው ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ አዲስ ናት፤ ታብረቀርቃለች። መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና ቁጥሯን አነበበ። መቶ አምስት። እሱ እዚህ ደጋ ላይ ሃያ ስምንት ዓመት ሲገጥም የኖረው ዘጠና አምስት ነው። መቶ አምስት የቆላ ናት።

እንዲህ ያለች መቶ አምስት በቱታው ኪስም አለች። ከገዛት ሁለት ወር ሆናት፤ ልክ ልጁን ያኮረፈ ሰሞን ማለት ነው። ጋራዡን ትረከበኛለች ብሎ ከልጅነቷ ቁልፍና ካቻቢቴ እያስያዘ ያሳደጋት አንድ ልጁ፣ ቆላ ወርጄ በየመንደሩ ክትባት ላዳርስ ስትለው አፉን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ወሬ ሁሉ በሚስቱ በኩል ሆነ። ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ፣ "ልጅሽን ጨው ታቀብለኝ በያት" ይላል። ሚስቱ እኔ ፖስታ ቤት ነኝ ወይ ብላ ብትስቅበትም፣ ብትቆጣውም፣ እሱ ወይ ፍንክች።

ግን ደግሞ ይጠብቅ ነበር። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ትንሽ ቤንዚን ይበቃል። በዚችው በጠባቧ ጂግለር ቆላ ከተወረደ ቤንዚኑ አንሶት ሞተሩ ይግላል፣ ፒስተኑም ነክሶ ይቆማል። ልጁ ይህን ታውቃለች፤ ያስተማራት እሱ ነው። ስለዚህ መምጣቷ አይቀርም። አባዬ ጂግለር ቀይርልኝ ትለዋለች፣ እሱም ትንሽ አጉረምርሞ እሺ ይላል፣ በዚያው ይታረቃሉ። ይህን በሆዱ ስንቴ ተለማምዶታል። እሷ ግን ሳትመጣ የመሄጃዋ ቀን ደረሰ። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን ልታመጣ ስትገባ ጠብቆ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሞተሩን ፈታው።

ልጅቷ ሻንጣዋን ተሸክማ ብቅ አለች።

"ማን ገጠማት?" አለ። በሁለት ወር የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

"እኔ ነኛ።" ሻንጣውን ከኋላ መቀመጫው ላይ በላስቲክ ማሰር ጀመረች። "አንተ አታናግረኝም። ታዲያ ማንን ልጠይቅ?"

ቁጣ የለባትም። ብትቆጣ በስንት ጣዕሙ። ጎንበስ ብሎ እንከን ፈለገ፤ አንድ ቢያገኝ ግማሽ ሰዓት ያቆያት ነበር። ካንዴላውን ነቅሎ አየ፣ ተንሳፋፊውን ለካ፣ ጎማዎቹን በጣቱ ዳበሰ። ያረጀችውን የካርቡራተር ክዳን ማሸጊያ ጎማ እንኳ ቀይራታለች። ሁሉንም መልሶ ገጠመው፤ አራቷን ብሎን ለማጥበቅ የፈጀበትን ጊዜ ለሌላ ደንበኛ ቢያደርገው ይሰደብ ነበር።

ልጅቷ ጉንጩን ሳመችው። ስደርስ እደውላለሁ አለች፤ ቀጥላም ለእማዬ አለች። ጎበዝ ሊላት ነበር። ግን "ቀስ እያልሽ" ብቻ ወጣው።

ሞተሩ እየሳለ ተነሳ። ማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ልጅቷ ነዳጅ ስትሰጠው እየተንገጫገጨ አስፋልቱን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ከማዶ ጎሚስታው ጎማውን ትቶ በሳቅ ፈረሰ።

"የመካኒክ ልጅ በሚስል ሞተር! ማን ነው እንዲህ ያበላሸው?"

"አልተበላሸም" አለ መካኒኩ። "ለቆላ ነው የተስተካከለው፤ ታች ሲደርስ ልክ ይገባል። ራሷ ናት የሠራችው። እኔም ብሠራው ከዚህ አላሻሽለውም።"

ጎሚስታው ሳቁን አቆመ። ሃያ ዓመት ሲጎራበቱ ይህ ሰው የማንንም ሥራ ሲያመሰግን ሰምቶ አያውቅም።

"ይህን ለሷ ነግረሃታል?"

መካኒኩ ቁልቁል መንገዱን አየ። በጣም ቆጨው። ልጅቷ ከመታጠፊያው ተሰውራለች፣ የሞተሩ ሳል ግን አሁንም ይሰማል። ድምፁ ጥርት የሚለው ብዙ ከወረደች በኋላ ነው፤ ያኔ እሱ አይሰማውም። እየሳለ እስኪጠፋ ድረስ እጁን ሳይጠርግ መንገዱ ዳር ቆመ።