ማን ነው የሚያነጥፈው?

የሆቴል ቢሮ ተቀጠርኩ ብላ ዛንዚባር ከገባች ሦስት ዓመት የሆናት ትርሲት፣ ለእናቷ በደወለች ቁጥር ያው ጭቅጭቅ ነው፤ መጥተሽ ባሕሩ ዳር አንድ ሳምንት ዕረፊ።

«ለጨው ውኃና ለአሸዋ ብዬ አገር አላቋርጥም» አለች እናት ተበሳጭታ። «ሙቀት ካማረኝ መተማ ቅርቤ ነው። ናፍቄሽ ከሆነ አንቺ ነይ።»

«ፈቃድ አይሰጡኝማ፣ እማ። ደግሞ እዚህ አንቺ ምንም አትነኪም። ምግብሽ ይቀርባል፣ አልጋሽ ይነጠፋል...»

«ማን ነው የሚያነጥፈው?»

ትርሲት ወሬውን ወደ ባሕሩ ልትመልስ ሞከረች።

«ማን ነው አልኩሽ እኮ።»

«እኔ ነኝ፣ እማ። በቀን ሃያ ክፍል አለብኝ።»

እናት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«እመጣለሁ» አለች። «አንሶላውን ግን ግራና ቀኝ ይዘን ነው የምንዘረጋው።»