መስታወት የሌለው በር

የእንጨት ሥራ ተማሪው የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ አዲሱን በር በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ሲጢጥ ሳይል ተከፈተ። ጭንቀትና ድብርት የያዛቸውን ተማሪዎች የምታግዘው የኮሌጁ አማካሪ ተነስታ ጣውላውን ዳበሰችው፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሷል። የድሮው በር መስታወት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ለምዝገባ የተሰለፈው ሁሉ ማን ወደ ቢሮዋ እንደገባ ቁልጭ አድርጎ ያይ ስለነበር፣ ዓመቱን ሙሉ ደፍሮ የገባ ተማሪ አልነበረም። በሩ እንዲቀየር ዲኑን ደጅ ብትጠናም ስላልሆነላት፣ በመጨረሻ የእንጨት ሥራ ክፍሉን ለመነች።

መሰላሉን የያዙት ሁለት ጓደኞቹ በሩን እያዩ ይሳሳቁ ነበር። “ለእብድ ይሄ ሁሉ ልስላሴ!” አለ አንደኛው።

“አንተ ምን ቸገረህ? ያንተን ቁመት ለክቼ ነው የሠራሁት” ሲለው ኮሪደሩ በሳቅ አውካካ። አማካሪዋም ሳቀች።

“እናንተ መሰላሉን ይዛችሁ ቅደሙ፤ መጣሁ” አላቸው። እነሱ ሲሄዱ ግን እሱ አልወጣም። በሩን ዘጋው።

ቁልፉን የሚሞክር መስሏት “ደህና ይዘጋል?” አለችው።

“ይዘጋል።” መፍቻውን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። “ቲቸር፣ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ የለኝም። በሩን የሠራሁት ለራሴ ነው።”

አንድ ተማሪ ደፍሮ በመግባቱ የአማካሪዋ ልብ እልል አለ። ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። ውጭ የተሰለፉት ተማሪዎች እንደ ወትሯቸው ይንጫጫሉ፤ አንዳቸውም አላዩትም።