ለግነት ነው፣ ጓድ

«ይቺን ወደ አማርኛ መልሳት» አለ ካድሬው ሀብቴ፣ ከመጨረሻው ወንበር ሳይነሳ ጣቱን ወደ ጥቁር ሰሌዳው ቀስሮ። ክፍሉን ልጎብኝ ብሎ ሳይታሰብ የገባው ገና አሁን ነው።

የእንግሊዝኛው መምህር አንዳርጋቸው ወደ ሰሌዳው ዞረ። የመርሳ ከተማ ልጆች ግነት እንዲገባቸው ብሎ ከመጽሐፉ የቀዳት ዓረፍተ ነገር ናት። ስንት የዝሆንና የተራራ ምሳሌ ሞልቶ ምን ለክፎት እንደሆነ እንጃ፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ሽር ጉድ በሚባልበት፣ ስለ ረሃብ መተንፈስ ዘብጥያ በሚያወርድበት ሰሞን ይቺኑ መረጠ።

«‹በረሃብ ሞትኩ› ማለት ነው፣ ጓድ።»

«ማነው የሞተው?»

«ማንም። ለግነት ነው። እንግሊዞች ምሳ ትንሽ ሲዘገይባቸው እንዲህ ይላሉ። እኛም እኮ እንላለን።»

«የረሃብ ወሬ አታናፍሱ ብለን ሺህ ጊዜ ነግረናችኋል።»

ሺህ ጊዜ። ከዚህ የበለጠ የግነት ምሳሌ ከየት ይመጣል! አንዳርጋቸው ምላሱ ጫፍ ላይ የደረሰችውን ቃል ዋጣት። ስለ ረሃብ አወራ ብለው ከወልድያ የወሰዱት የሂሳብ መምህር ይኑር ይሙት እስካሁን ወሬው የለም። ጠረጴዛውን ተደገፈ።

«ለልጆቹ ንገራቸው» አለ ሀብቴ። «በረሃብ የሚሞት ሰው የለም በላቸው። ጮክ ብለህ።»

ፊት ወንበር ላይ አልታየች ተቀምጣለች፤ ፀጉሯን ተላጭታ ጥቁር ሻሽ አስራለች። እናቷን ግራና ከተማ ሄዳ የቀበረችው ባለፈው ሳምንት ነው። በምን እንደሞተች ደግሞ መርሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። አንዳርጋቸው ወደሷ ማየት ፈራ። የልጆች አባት ነው፣ ምን ያድርግ።

«በረሃብ የሚሞት ሰው የለም» አለ። «እንዲሁ አነጋገር ነው።»

«እንዲህ ነው እንጂ» አለና ሀብቴ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። እጁ ገና መዝጊያውን ሲይዝ አልታየች እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የእውነት በረሃብ የሚሞቱትስ በእንግሊዝኛ ምን ይላሉ?»

ሀብቴ ባለበት ቆመ። አንዳርጋቸው ዝም በይ ሊላት አፉን ከፈተና ሳያስበው ዓይኗን አየው። የምትጠይቀው የምሯን ነው። ለማወቅ ነው።

«ያንኑ ነው የሚሉት» አላት። «ያንኑ፣ አልታየች።»

ሀብቴ በሩን ከውስጥ ዘጋው።