የእትዬ የሺሃረግ ወንበር

ደምመላሽ እትዬ የሺሃረግን ከወንበራቸው ሊያወርድ ቆርጦ የተነሣው በመከር ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው።

የሮቤ ሙዚቃ ክበብ በቀበሌው አዳራሽ ይለማመድ ነበር። እትዬ የሺሃረግ አኮርዲዮናቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ደምመላሽ፣ ክራሩንስ ትችለዋለህ። መሪነት ግን ለአንተ አይሆንም፤ ይከብድሃል» አሉት።

አዳራሹ ሳቀ። ደምመላሽ ጆሮው ድረስ ጋለ። እሱ እኮ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ባለሙያ ነው፤ ስብሰባ መምራት እንጀራው ነው። አንዲት ጡረተኛ አስተማሪ የሚመሩት ክበብ ለእሱ ሊከብድ?

እውነቱን ለመናገር፣ ወንበሩን ሲመኘው ኖሯል። ሮቤም ሆነ ጎባ፣ ክበቡ ያልተጠራበት ሠርግ ሠርግ አይባልም። እትዬ የሺሃረግ በገበያ ሲያልፉ ሰው ብድግ ይልላቸዋል። ስልካቸው አያርፍም። ደጃቸውም ከማለዳ ጀምሮ ሰው አያጣም፤ የተጣላው ሊታረቅ፣ ከበሮ የተቀደደበት ሊያስጠግን፣ ልጁን የሚድረው ቀን ሊያስይዝ ይመጣል። የደምመላሽን ደጅ የሚያንኳኳው ግን የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያበግነው የዓመቱ ጉባኤ ነው። እትዬ የሺሃረግ ይነሡና፣ «ልጆቼ፣ ደክሞኛል፤ ሌላ ሰው ምረጡ» ይላሉ። ያኔ ሁሉም ባንድ አፍ «በሞቴ! ምን ሲደረግ!» ይላል። እሳቸው እንቢ ይላሉ፤ ሰው ይለምናል፤ ይጨበጨባል፤ ይቀመጣሉ። አምናማ እንባቸውን እየጠረጉ ነው የተቀመጡት።

ደምመላሽ ወጉን ያውቀዋል። እንግዳ «በቃኝ» የሚለው ስለ ጠገበ ሳይሆን እንዲጨመርለት ነው። እንባው ደግሞ ያው፣ የመድረክ ሰው እንባ ነው።

በማግስቱ የክበቡ ድምፃዊት ሰሚራ ከጨርቅ ሱቋ በር ላይ ጠራችው።

«አካም ጅርታ፣ ደምመላሽ! ትናንት ተናደድህ አይደል?»

«እኔ? ምን ያናድደኛል?»

«ወላሂ፣ ሴትዮዋ እስኪሞቱ አይለቁም። አንተን የመሰለ ሰው እያለ!»

ደምመላሽ ግራ ቀኙን አየ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ የሚደፍር ይጠብቃል። ዘንድሮ ‹ደክሞኛል› ሲሉ ማንም ባይለምናቸውስ?»

ደምመላሽ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ ወዲያ ውስጥ ውስጡን ዘመተ። ከበሮ መቺው ዘይነዲን ስንዴ ሊያሳጭድ ሲናና ወርዶ ነበርና እዚያው ማሳው ድረስ ሄደ፤ ኮምባይነሩ አጠገብ ቆመው ተነጋገሩ። ዘይነዲን ለመስማማት ጊዜ አልፈጀም። «አንተ ብቻ ጀባዱ! በርታ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ዋሽንት ነፊው ኪዳነማርያም ደግሞ ገና ነገሩን ሳይጀምርለት፣ «ገባኝ፤ እጄን አወጣልሃለሁ» አለ። ደምመላሽ በራሱ አንደበት ተደነቀ። እንዲህ ሰው ማሳመን እንደሚችል እስከዚያ ቀን አያውቅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳው፤ ወሬው ይሾልካል። ጎባ የምትኖረውን የክበቡን አባል ሳቢሪንን ሊያግባባ ሄዶ፣ ሳያገኛት ተመለሰ። በሚቀጥለው ልምምድ ላይ እትዬ የሺሃረግ ፈገግ ብለው፣ «ጎባ ነበርህ አሉ። ሳቢሪንን አጣሃት?» አሉት። ክራሩ ከእጁ ለመውደቅ ምንም አልቀረውም። ደግነቱ በነጋታው ሳቢሪን ራሷ ደውላ «ከጎንህ ነኝ» አለችው።

ማታ ለሚስቱ ለረድኤት ጉዱን ነገራት። «ከመሃላችን ሰላይ አለ።»

«ያወቁብህ ይሆናላ» አለች ረድኤት።

«ቢያውቁማ ዝም ይሉኛል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ስለ ራሳቸው የሚወራውን የሚሰሙት መጨረሻ ላይ ነው።»

«እሱስ እውነትህን ነው» አለችው፣ ዓይኗን ከሽንኩርቱ ሳታነሣ።

የጉባኤው ቀን ደረሰ። እትዬ የሺሃረግ እንደ ልማዳቸው ተነሡ። «ልጆቼ፣ ደክሞኛል፤ ሌላ ሰው ምረጡ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ደምመላሽ የሰዉን አፍ አፍ ያያል። አንድ ሰው ብቻ «በሞቴ» ቢል ሁሉ ነገር አበቃለት። ማንም ትንፍሽ አላለም።

«እንግዲህ ደክሟቸዋል» አለች ሰሚራ። «ደምመላሽ ይሁንልን!»

ጣራው እስኪነቃነቅ ተጨበጨበ። ያልወጣ እጅ አልነበረም። የክበቡ ቁልፍ ርክክብ ሰኞ ይሁን ተባለ። እትዬ የሺሃረግ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቀሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደምመላሽ እስከ ቤቱ ድረስ በደስታ ሲንሳፈፍ ሄደ። መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ የሠርግ ቀን ሊያስይዝ የፈለገ አባት ነው። ወዲያው ደግሞ ጮኸ፤ የተጣሉ ሁለት ዘፋኞች ናቸው፣ ዳኘን ይላሉ። ሦስተኛው ሲጠራ ደረቱን ነፋ።

ቤቱ ገብቶ ቁጭ ሲል ግን ያ የሚንቀጠቀጥ ትከሻ ትዝ አለውና አፈረ። ለስንት ዓመት የደከሙ ሴት ናቸው፤ እንዲያ ሰው ፊት ማዋረድ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? ከሪራ የመጣ ማር ገዝቶ፣ «የክብር ሊቀመንበር ይሁኑልን» ብሎ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ቤታቸው አቀና።

የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል። አሾልኮ ቢያይ ክበቡ አንድ ሳይቀር እዚያ ነው። ሊያጽናኗቸው መጥተዋል፣ ብሎ ልቡ ተነካ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያሉትን መምራት መታደል ነው።

ወዲያው ዘይነዲን ከበሮውን ደለቀው፤ ሰሚራ እልል አለች። እትዬ የሺሃረግ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው መሃል ገቡና እንደ ኮረዳ እስክስታውን አስነኩት።

«ቀስ በሉ እንጂ፣ ልጆች!» አሉ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው እየሳቁ፤ «ቁልፉን ሳይረከበኝ ከሰማ፣ ሌላ ተረካቢ ከወዴት አመጣለሁ?»