ከርግብ ቤት የወደቀው ልጅ

ሙአዝ የወደቀው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ገና አምስት ዓመቱ ነው። የአባቱን ርግቦች እመግባለሁ ብሎ ጣሪያ ላይ ወዳለው ርግብ ቤት ወጣ፤ አንዷ ርግብ አመለጠችው፤ ተከትሏት ወደ ታች መጣ።

እናቱ ዱዓ ታች ልብስ ታሰጣ ነበር። ጮኸች፣ ሮጠች፣ ልጁ እላይዋ ላይ አረፈና ሁለቱም ተንከባለሉ። ወዲያው አፈፍ አድርጋው ባጃጅ ውስጥ ገባች።

አማቷ ሐጃ ኢንሻራህም አብረው ገቡ። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ከወቀሳ አላረፉም።

«አንድ ልጅ መጠበቅ ያቅታል? አንድ!»

ዱዓ የልጁን ሆድ ትዳብሳለች። ልጁ ብስኩት ይበላል።

ተረኛዋ ሐኪም ዶክተር ሻሂናዝ ነበረች። «ማነው የተጎዳው?»

«ልጄ ነው፣ ዶክተር። ከጣሪያ ወድቆ ይኸው ዝም ብሎ ይበላል። ጤነኛ ልጅ እንዲህ ይበላል?»

«ቁስል የለውም። ግን ሆድ ዕቃው ውስጥ ደም ፈሶ ከውጭ ላይታይ ይችላል። በአልትራሳውንድ እናየዋለን።»

«እሱ ለእርጉዝ አይደለም እንዴ?» አሉ ሐጃ።

«ለዚህም ይሆናል፣ ሐጃ።»

ዱዓ ውሃ ለመነች፤ ሰጧት። ደግማ ለመነች። ግድግዳውን ተደግፋ ላቧን ጠረገች።

«ፊቷን እዩልኝ፣ አመድ መስላለች» አሉ ሐጃ። «ጥፋተኛ እንዲህ ነው።»

«ጥፋቴ ነው፣ እማማ። ዶክተር፣ ብቻ እሱን ይዩልኝ። ቶሎ ይዩልኝ።»

ሙአዝ ግን ማሽኑን ሲያይ ቤቱን ቀወጠው። ነርሷ እግሩን ብትይዝ ረገጣት። ዶክተሯ እጁን ብትይዝ ነከሳት።

«ይሄ እኮ ሽሮፕ እንኳ እናቱ ሳትቀምስለት አይውጥም» አሉ ሐጃ። «ማን አበላሸው? እሷው!»

ዶክተር ሻሂናዝ የተነከሰ እጇን እያሸች ሳቀች። «በይ የሙአዝ እናት፣ ነይ ቅመሺለታ።»

ዱዓ ከልጁ ጎን ተጋደመች። ስትጋደም ግራ ትከሻዋን ጨበጠች።

«እየኝ የኔ ጌታ። ምንም አያምም።»

ዶክተሯ ቅባቱን ቀባቻትና መሣሪያውን ግራ ጎኗ ላይ አሳረፈችው። «አየህ አንተ ጀግና? እማዬ ምን ሆነች?»

«ምንም» አለ ሙአዝ።

«ልጁን አውርዱልኝ» አለች ዶክተሯ ዓይኗን ከማሽኑ ሳትነቅል፤ «ኦፕራሲዮን ክፍል ደውሉ፣ እናትየዋን አሁኑኑ እናስገባለን።»